ዓይናዲስ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ

ዓይናዲስ የመንጃ ፈቃዱን የጽሑፍ ፈተና ያለፈችው የስምንት ወር እርጉዝ ሳለች ነው። ነገሩ የያዛት ግን ከዚያ በፊት ነበር። ፒያሳ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ አምስት ዓመት ሠርታለች። ከከተማው ወጣ ካለው ሰፈሯ ከፀዳ በሚኒባስ እየተጋፋች ስትመላለስ ዓይኗ ከሾፌሩ እጅ ላይ አይነሣም። የተማሪዎች ሰርቪስ መንዳት ነበር ምኞቷ። ባሏ ምናለም «ሸጋ ሐሳብ ነው» ብሏት ነበር፤ ያኔ ልጅ አልነበራቸውም።

ሴት ልጃቸው በተወለደች በስልሳ አንደኛው ቀን ከማሰልጠኛው ተደወለ። የተግባር ፈተናው ሐሙስ ነው። የወደቀ በዚያው ዙር አንድ ጊዜ ይደግማል፤ የቀረ ግን ክረምቱ እስኪያልፍ ይጠብቃል።

«ሐሙስማ አይሆንም» አሉ አማቷ እማማ አዝመራ። አራስ ሊጠብቁ ከአዲ አርቃይ ከመጡ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። «ልጅቱ ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሣ፣ ደጅ ወጥተሽ ምች እንዲመታሽ ነው?»

«እማማ፣ ተቀምጬ እኮ ነው የምነዳው።»

«ፀሐዩ በመስኮት አይገባም?»

ጎረቤቷ የትነበርሽ ደግሞ ወተትሽ ይደርቃል አለቻት። ምናለ ለምሳ ሲመጣ እሱም ቅሪ አላት።

«ትደግና ትደርሽበታለሽ።»

«ስንት ዓመት ሲሞላት?»

እንጀራውን ቆረሰ።

«አንተስ የቅዳሜ ትምህርትህን እስክታድግ አቆምከው?»

«እሱማ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላው?»

ምናለ ወጥ ጨመረ።

ሐሙስ ጠዋት ልጇን ታቅፋ ስትነሣ እማማ አዝመራም ጃንጥላቸውን ያዙ። ለምች መከላከያ ይሆናል ብለው ቢላዋ በጨርቅ ጠቅልለው ቦርሳዋ ውስጥ ከተቱ። በባጃጅ ወደ መፈተኛው ሜዳ እስኪደርሱ ድረስ ማጉረምረሙን አላቆሙም።

አርባ ተፈታኝ ተሰልፏል። የዓይናዲስ ተራ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀረው ልጅቱ በረሃብ ጮኸች። ዞር ብላ አጠባቻትና ተመለሰች።

«ስምሽ ተጠርቶ አልፏል፤ መጨረሻ ላይ ትገቢያለሽ» አላት መዝጋቢው።

«እዚሁ እኮ ነኝ! እያየኸኝ!»

«እያጠባሽ ነበራ።»

ይኼኔ ጠዋቱን ሙሉ ሲያጉረመርሙባት የነበሩት እማማ አዝመራ ጃንጥላቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረጉበት።

«ምነው አንተ! አንተን ማን አጥብቶ አሳደገህ?»

ሰልፉ ሳቀ። መዝጋቢው አንገቱን ደፍቶ ስሟን ከሦስት ሰው በኋላ አስገባው።

ልጅቱን ለአማቷ ሰጥታ መኪናው ውስጥ ገባች፤ ዳገቱን ወጣች፣ አዞረች፣ ፍሪሲዮኑንም አላስጮኸችም። የኋላ ማርሽ አስገብታ ለማቆሚያ በተተከሉት ችካሎች መካከል ስትገባ ግን ከሜዳው ዳር «ቀስ! ኧረ ቀስ በይ!» የሚል የእማማ አዝመራ ጩኸት መጣ። ደንግጣ ዞር አለች፤ ችካሉ ወደቀ። እሷም ወደቀች።

ወደ ፀዳ ሲመለሱ ፊቷን ወደ ባጃጁ ደጅ አዞረች። ብትናገር የምትለውን ታውቀዋለች።

«እንዳትገጭው ብዬ እኮ ነው» አሉ እማማ አዝመራ ቤት ሲደርሱ። ከዚያ ለምሳ ወደ መጣው ልጃቸው ወደ ምናለ ዞሩ። «የድጋሚው ፈተና የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው አሉ። ትምህርትህን ትቀርና ልጅህን ትይዛለህ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ባዝል ወገቤን ያመኛል፣ ልጅቱም ከብዳኛለች። ደግሞም አባቷ አንተ ነህ።»

ምናለ አስተማሪው መቅረት እንደማይወድ ብዙ አወራ። የሰማው የለም።

ቅዳሜ ዓይናዲስ ወተቷን አልባ በጡጦ ትታ ብቻዋን ሄደች። ሰልፍ ላይ ሳለች ምናለ አራት ጊዜ ደወለ። ዳይፐሩ የት ነው፣ ጡጦው ይሙቅ ወይ፣ ለምን ታለቅሳለች፣ መቼ ትመጫለሽ። በአምስተኛው ስልኳን ዘጋች። ስፖኪዮውን አስተካክላ በችካሎቹ መካከል አንዱንም ሳትነካ ገባች።

አሁን ጠዋት ጠዋት ከፀዳ አሥራ ሁለት ተማሪ እየሰበሰበች ትምህርት ቤት ታደርሳለች። በየበሩ ወላጆች «ልጅሽን ለማን ትተሽ ነው?» ይሏታል። ምናለን ግን በሁለት ዓመት የቅዳሜ ትምህርቱ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም። አንዳንድ ቀን «ለአባቷ» ትላቸዋለች፤ አንዳንድ ቀን በሩን ገጭ አድርጋ ዘግታ ትነዳለች።