እትዬ ጠብታ በጌሙ ከተማ

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። ባሏ ያውቀው ነበር፣ እሱም ሞቷል። ለሌላው ሁሉ እትዬ ጠብታ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት የፖሊዮ ክትባት ሳጥኗን ትከሻዋ ላይ አንግታ ቤት ለቤት ስትዞር፣ በየሕፃኑ አፍ ሁለት ሁለት ጠብታ ስታደርግ ኖራ ጡረታ ወጣች። ዛሬ ጢም ያበቀለው ጎረምሳ ሳይቀር መንገድ ላይ ሲያገኛት «አፌን ልክፈት እትዬ?» እያለ ይቀልድባታል። እሷም «ዝጋው፣ ዝንብ ይገባል» ትለዋለች። መልስ አታጣም።

የመጨረሻ ልጇ የቤታቸውን የፊት ክፍል ጌም ቤት አድርጋዋለች። አራት ቴሌቪዥን፣ አራት ማጫወቻ፣ ስፖንጁ የወጣ አንድ ሶፋ። እናትየው ክፍሉን በየጠዋቱ ትጠርጋለች እንጂ ማጫወቻዎቹን በእጇ ነክታ አታውቅም። «የሥራ ፈት ዕቃ» ነው የምትላቸው፣ የምትበላው ከእነዚያው ሥራ ፈቶች ኪስ ቢሆንም።

አንድ ጠዋት ቤቱ ሳይከፈት ልጅቷ የተጫጫረ አሮጌ ሲዲ ከተተችና ጆይስቲኩን እናቷ ጭን ላይ ጣል አደረገችው።

«ነይማ እማ፣ ሞክሪው። ይሄ እኮ የሁሉም አባት ነው።»

«ወልዶ ማሳደጉንስ እኔ አውቃለሁ። ምን ያደርጋል?»

«በፊት የነበሩት ጌሞች በአንድ መንገድ ብቻ ነበር የሚያስኬዱሽ። እዚህ ግን ከተማው በሙሉ ያንቺ ነው፤ ወደፈለግሽበት ትሄጃለሽ። ከሱ በኋላ የወጡት ሁሉ ከሱ ነው የቀዱት።»

«ሄጄስ ምን እሠራለሁ?»

«የፈለግሽውን። መኪና ስረቂ።»

«በስተርጅናዬ!» አለችና ሳቀች፤ ግን መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ሶፋው ላይ ተመቻቸች።

ከተማው ጭጋግ የዋጠው ነበር። መንገዱ ረጥቧል፣ ፎቆቹ ግራጫ ናቸው፣ ጃኬት የለበሰ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቷት ቆሟል። መጀመሪያ ግድግዳ ለግድግዳ አጋጨችው፤ ቀጥሎ ቧንቧ ላይ ወስዳ ሰነቀረችው፤ ልጇ በሳቅ ፈረሰች። ትንሽ ቆይቶ ግን ጣቷ ገባውና ሰውየው እንደ ሰው መራመድ ጀመረ። መኪና አልሰረቀችም። ቀኝና ግራ አይታ መንገዱን አሻገረችውና ያጋጠማት የመጀመሪያ በር ፊት ወስዳ ገተረችው። የኖረችበት ሥራ ነው፤ መንገድ ካየች በር ትፈልጋለች።

«አይከፈትም እማ። ስዕል ነው።»

ወደሚቀጥለው ሄደች። እሱም ስዕል ነው። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ማዶ ያለው። መስኮቶቹ ላይ መብራት ይታያል፤ ከኋላው ግን ክፍል የለም።

«አንዱንም አልሠሩትም?»

«ጥቂት አሉ፣ ሚሽን፣ ማለት የምትፈጽሚው ተልእኮ፣ ሲኖርሽ የሚከፈቱ። ሌላው ለዓይን ነው።»

እትዬ ጠብታ ይሄን ስትሰማ ደስ አላላትም። ቢሆንም አላቆመችም፤ እያንዳንዱን በር እየገፋች፣ አንዱን ሳትዘል፣ መንገዱን ጨረሰችው። ማዕዘኑ ላይ ቢጫ ሹራብ የለበሰች ቀጭን ሴት አለፈቻት። ድልድዩ ሥር እንደገና አለፈቻት። ገበያው ጋ ሁለት ሆና መጣች።

«ይቺን ሴት ቅድም አላየናትም?»

«ጥቂት ሰው ሠርተው ነው ከተማውን በሙሉ የሞሉት። የትም ብትሄጂ እነሱው ናቸው።»

«ቤቷ የት ነው?»

«ቤት የላትም። የማንም ቤት የለም እማ። እንዲሁ ይዞራሉ።»

እትዬ ጠብታ ክው አለች። ልጅቷ አላስተዋለቻትም፤ ስልኳን እየጎረጎረች ነው። እናትየው ግን ባለ ቢጫ ሹራቧን መከተል ጀመረች። ሴትየዋ ትሄዳለች፣ ትሻገራለች፣ ትታጠፋለች፤ አንድ በር ጋ እንኳ ቀና ብላ አታይም። አንዴ መኪና ጡሩንባ ሲነፋባት እትዬ ጠብታ ዞር አለች። ስትመለስ ሴትየዋ የለችም።

«የት ገባች?»

«ካላየሻት ትጠፋለች። ጌሙ ዓይንሽ የሌለበትን ሰው አያቆይም።»

«ሞታ ነው?»

«ኧረ አልሞተችም! የለችም፣ በቃ።»

ወዲያው ከጭጋጉ ውስጥ ፊት ለፊት መጣች። ያው ሹራብ፣ ያው ፊት። እትዬ ጠብታ ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ አስቀመጠችና ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል ቁጭ አለች።

ያየችው የጌሙን ሴት አልነበረም።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው። የዘመቻው የመጨረሻ ቀን፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል፣ አንድ በር ብቻ ቀርቷት ነበር፤ የመንደሩ መጨረሻ ላይ ያለው ሰማያዊ የብረት በር። ግቢ ውስጥ ውሻ ይጮኻል። እግሯ ተላልጧል። ቤት ትታት የመጣችው ጨቅላ፣ ይቺው የዛሬዋ ባለ ጌም ቤት፣ ከጠዋት ጀምሮ አልጠባችም፤ የእናትየው ጡት ሞልቶ ሸሚዟን አርሶታል። ደንቡ ግልጽ ነው። ታንኳኳለች፤ ካልተከፈተላት በጠመኔ የኤክስ ምልክት አድርጋ በማግስቱ ትመለሳለች። መመለስ አልፈለገችም። ካለፈው ዙር ቤቱ ውስጥ አንዲት ሕፃን እንዳለች ታውቃለች። ቆጠራው እንዲገጥም ከብልቃጡ ሁለት ጠብታ መሬት ላይ አፈሰሰችና በሩ ላይ «አንድ ልጅ፣ ተከትቧል» የሚለውን ምልክት ጽፋ ሄደች። አንድ ጊዜ እንኳ አላንኳኳችም።

የሕፃኗ እናት ከሥራ ስትመለስ ምልክቱን አይታ ደስ አላት፤ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ልትወስዳት ያሰበችውንም ተወችው። የተከተበ ሕፃን ጣት ላይ ቀለም መቀባት የመጣው ኋላ ነው፤ ያኔ በሩ የተናገረው ይታመናል። ከወራት በኋላ ሕፃኗን ትኩሳት ያዛት። ትኩሳቱ ሲለቃት ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አላት።

ያን ቀን ሕፃኗን ትጠብቅ የነበረችው የእናትየው ታናሽ እህት ናት፤ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። «ማንም አልመጣም» አለች። «በሩ ላይ ተጽፎ! አንቺ ነሽ ጥለሻት ወጥተሽ የዋልሽው። የሌላ ሰው ልጅ ነው በልጄ ስም የተከተበው» አለቻት እህቷ። ታናሽየው ማለች፣ ተገዘተች፣ የሚሰማት ጠፋ። በመጨረሻ እናትየው ራሷ ጤና ጣቢያ ድረስ መጥታ «እባክዎ፣ ያን ቀን ለማን ሰጡ?» ብላ እትዬ ጠብታን ጠየቀቻት።

እትዬ ጠብታም «ከጻፍኩ ሰጥቻለሁ» አለች።

ያቺ መልስ የማታጣ ምላሷ! አልፈርድባትም አልልም፣ እፈርድባታለሁ። ታናሽየው በዚያው ሳምንት ልብሷን በፌስታል ይዛ ከቤት ወጣች።

ስለ ሕፃኗ እግር እትዬ ጠብታ ከራሷ ጋር ብዙ ተሟግታለች። አንድ ዙር ብቻውን ላያድናት ይችል ነበር፤ ሌሎቹን ዙሮች የወሰዱ ልጆችም ታመው አይታለች። በዚህ እየተጽናናች ሃያ ሁለት ዓመት እንቅልፍ ወስዷታል፤ ልጅቷን እያነከሰች ስታያትም መንገድ እየቀየረች አልፋለች። ስለ ታናሽየው ግን የምትሟገትበት ነገር የላትም። ስለዚህ አላሰበቻትም። ዓይኗን ከሷ ላይ አነሳች፣ ታናሽየውም ጠፋች።

«እማ፣ ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ።»

«ጫማዬን አቀብዪኝ።»

ሰማያዊው በር ቀለሙ ተላልጦ ዝጓል፤ ውሻውም የለም። አንኳኳች። ደግማ አንኳኳች። የከፈተችው እናትየው ናት፤ አንገቷ ላይ የስፌት ሜትር ተንጠልጥሏል።

«እትዬ! ምነው በደህናዎ? ይግቡ እንጂ።»

ገባች። ያቺ ሕፃን፣ አሁን ወጣት ሴት ሆናለች፣ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጣ በግራ እግሯ ብቻ ፔዳሉን ትረግጣለች። ለእንግዳዋ ወንበር ቀረበ።

«አልቀመጥም። ከተቀመጥኩ አልናገረውም» አለች እትዬ ጠብታ። «ያን ቀን አላንኳኳሁም። በሩ ላይ ጻፍኩና ሄድኩ። ማንም አልመጣም ያለችው እህትሽ እውነቷን ነበር።»

የስፌት መኪናው ቆመ። እናትየው ሜትሩን ካንገቷ አውርዳ በጣቷ ላይ ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ እንደገና ጠቀለለችው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች እትዬ ጠብታ።

«ቆይ፣ እኔን ተዪኝ።» አንቱታው ቀርቷል። «ላንቺ የሚሆን ስድብ ሞልቶኛል፣ ለሱ እንደርስበታለን። እኔ የእናቴን ልጅ ውሸታም ብዬ አባርሬአለሁ። እናታችን ስትቀበር እንኳ አላስጠራኋትም። አልቅሳ ስትምልልኝ ዓይኔን ጨፍኜ በር አመንኩ!»

ልጅቷ መኪናውን ተደግፋ ተነሳች።

«አክስቴ አሁን የት ናት?»

«አላውቅም። ከስምንት ዓመት በፊት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከሚከራዩት ክፍሎች በአንዱ ትኖራለች ብለውኝ ነበር። አልሄድኩም።» እናትየው ወደ እትዬ ጠብታ ዞረች። «ቤት ለቤት መዞር ታውቂበት የለ? ዙሪ። አግኝተሽ ለሷ ንገሪያት። ከዚያ እህቴ ትምጣ እንደሆነ፣ ትሳደብ እንደሆነ፣ እሷ ታውቃለች።»

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉት ክፍሎች ከመቶ ይበልጣሉ፤ በሮቻቸው አንድ ዓይነት ቆርቆሮ ናቸው፣ የተከራዩም ስም አይጻፍባቸውም። እትዬ ጠብታ በዚያው ቀን ከሰዓት ደረሰች። ከዳር ጀመረች። የመጀመሪያው በር ጋ ቆማ፣ ከውስጥ ሰው እስኪመልስላት ድረስ አንኳኳች።