አባቴን ሻይ የከለከልኩበት ቀን

አባቴ ነገሌ ገበያ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ሸጧል። ከገጠር ከሚመጡት ደንበኞቹ ጋር በኦሮምኛ፣ ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር በአማርኛ ይከራከራል፤ ሲናደድ ሁለቱን ይቀላቅላል። ስኳር በሽታ ከያዘው ቆይቷል። መርፌውን ጠዋትና ማታ ራሱ ይወጋል። ከወጋ በኋላ ምግብ ከዘገየ ደግሞ ቤቱን በጩኸት ይሞላዋል።

የእግሩ ጣት ቆስሎ አልድን ሲል ከነገሌ ርቆ ወደሚገኝ ትልቅ ሆስፒታል ላኩን። ጣቱ መቆረጥ አለበት ተባለ። አስታማሚ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ። አስተማሪ ስለሆነች ከሐኪም ጋር መነጋገር አያቅታትም ብለው ቤተሰቦቼ መርጠውኝ ነው።

ኦፕራሲዮን በሚደረግበት ቀን ጠዋት አንዲት ነርስ መጥታ፣ «ምንም እንዳይቀምሱ፣ ውሃም ቢሆን» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ተመለሰችና የስኳር መርፌውን ወጋችው። ሦስት ሰዓት ላይ ይገባሉ ተባልን። ሦስት ሰዓት አለፈ። ምጥ የጠናባት ሴት መጥታ እሷን አስቀደሙ። አምስት ሰዓትም አለፈ። ስድስት ሰዓት ላይ ነርሶቹ ፈረቃ ቀየሩ።

«ልጄ፣ ሻይ አምጪልኝ» አለ አባቴ።

«አባ፣ ትንሽ ይታገሱ። ከልክለዋል።»

«መርፌ ተወግቻለሁ እኮ።»

«እነሱ ያውቃሉ፣ አባ።»

እንደገና ጠየቀኝ። አሁንም እንቢ አልኩት። ሦስተኛው በኦሮምኛ ነበር፤ «ኢንተላኮ»፣ ልጄ ብሎ ጀመረና ምላሱ ተሳስሮ የቀረው አልገባኝም። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልብሱ በላብ ርሷል። ሄጄ ለአዲሷ ተረኛ ነገርኳት።

«ፈርተው ይሆናል። ሁሉም ይፈራሉ» አለችኝ፣ ከምትጽፈው ካርድ ቀና ሳትል።

ተመልሼ ግንባሩን በሻሼ ጠረግኩለት። ጥቂት ቆይቶ ዝም አለ። እንቅልፍ ወሰደው ብዬ ደስ አለኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ሠራተኛ መጥቶ ኦፕራሲዮኑ ለነገ መተላለፉን ነገረኝ። የተላለፈው ጠዋት ነው፤ ለእኛ መንገሩን ማንም አላስታወሰም። ምሳ ላበላው ብዬ ብቀሰቅሰው አልነቃም። ያኔ ሁሉም ሮጠ፤ ስኳሩን ለኩ፣ ግሉኮስ ሰቀሉለት። አባቴ ግን ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። በማግስቱ ቀትር ላይ ሞተ።

ነገሌ ወስደን ቀበርነው። ለቅሶ የሚመጣው ሰው ሁሉ ቀኑ ደርሶ ነው ይለኛል፤ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። ሻይ እንደለመነኝ ለማንም አልነገርኩም። ክፍል ገብቼ ሳስተምር፣ ጠመኔ እንደያዝኩ የምጽፈው ይጠፋኛል። ተማሪዎቼ ይጠብቁኛል።

ከሦስት ወር በኋላ ብቻዬን ወደ ሆስፒታሉ ተመለስኩ። ኃላፊው ሐኪም የአባቴን ካርድ አስፈልጎ አመጣና ፊቴ አነበበው። ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«መርፌው መሰጠት አልነበረበትም። ከተሰጠ ደግሞ ስኳሩ በየሰዓቱ መለካት ነበረበት፤ አልተለካም። ቀጠሮው ሲተላለፍም ወዲያው መብላት ነበረባቸው። ጥፋቱ የእኛ ነው።»

ሊሟገተኝ ነው ብዬ ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። 

«ሻይ ብሰጠውስ ኖሮ?» አልኩት።

ካርዱን ዘጋው። «አንቺ የተነገረሽን ነው ያደረግሽው» አለኝ። እኔ የጠየቅኩት ግን ይህን አልነበረም፤ ሻዩ ያድነው እንደነበር ነው።

ወንድሜ እንክሰስ አለ። እናቴ፣ «እሱ ሰው ከሶ አያውቅም፤ በሱ ስም ፍርድ ቤት አልቆምም» አለች። ቅሬታ ጽፈን አስገባን። ደርሶናል የሚል ደብዳቤ መጣልን፤ ሌላ ነገር አልመጣም።

ስለ ሻዩ ለእናቴ የነገርኳት ያን ጊዜ ነው።

«ስንት ጊዜ ጠየቀሽ?» አለችኝ።

«ሦስት ጊዜ።»

ተነስታ ወጣች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ቁርስ አቅርባልኝ ፊቷን ታዞራለች። በሦስተኛው ቀን ልብስ ሳሰጣ አጠገቤ መጥታ ቆመች። «እኔም ብሆን እከለክለው ነበር» አለችና አንሶላውን በአንድ በኩል ያዘችልኝ። እንዳልዋሸችኝ እርግጠኛ አይደለሁም። ግን ከዚያ በኋላ መተኛት ቻልኩ።

ባለፈው ዓመት እናቴ ደም ግፊት ተገኘባት። ሆስፒታል አልሄድም ብላ ወር ሙሉ አስቸገረችኝ፤ ለምኜ ወሰድኳት፤ አስተኟት። ነርሷ መድኃኒት ይዛ በመጣች ቁጥር፣ ምን እንደሆነና ለምን እንደሚሰጥ እጠይቃለሁ፤ ደብተሬ ላይ ከነሰዓቱ እጽፋለሁ።

«የኔ እህት፣ ሥራችንን እናውቃለን» አለችኝ ነርሷ።

«አውቃለሁ። ቢሆንም ንገሪኝ» አልኳት።

እናቴ አፍራ፣ «ተያት እንጂ» እያለች ቀሚሴን ትጎትታለች። ነርሷ በረጅሙ ተነፈሰችና የመድኃኒቱን ስም ቀስ ብላ ነገረችኝ።