ከአምባሪቾ ጫፍ ያየሁት

መናኸሪያው አጠገብ ያዘዝኩት ሻይ ጦስኝ ጦስኝ ሸተተኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ልጅ ነበርኩ። እናቴ በጠና ታማ ነበርና አባባ ሊጸልይላት አምባሪቾ ተራራ ሲወጣ እኔንም አስከተለኝ። ጦስኙን እየረገጥን፣ ዳገቱ ሲብስ እኔ በእጄም በጉልበቴም እየዳህኩ፣ እኩለ ቀን ላይ ጫፉ ደረስን። ተንበርክኮ ድምፁ እስኪዘጋ ጸለየ። ከዚያ ቁልቁል ወደ ቤታችን እያየ፣ «ዓይንሽ ከእኔ ይሻላል፤ ደጃችን ላይ ሰው ተሰብስቧል?» አለኝ።

ከእንሰቱ ፊት ያለው ሜዳ በሰው ጠቁሯል። ለቅሶ መሆኑ ገባኝ።

«ማንም የለም፣ አባባ።»

ፊቴን አየ። «እንግዲያው አንቸኩልም፤ ቀስ ብለን እንውረድ» አለና እጄን ያዘ።

ያመነኝ መስሎኝ ነበር።

ሻዩን ሳልቀምስ መለስኩት። ቤቱ በሽተኛ ያለው ሰው መች ቀስ ብሎ ይወርዳል?