ሰሊጥ የረሳው አጫጅ

የያዙኝ ሰሌዳ ላይ የሒሳብ ጥያቄ እየጻፍኩ ነው። ሁለት የታጠቁ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው፣ «መምህር፣ አንዴ እንፈልግህ ነበር» አሉ። «ይቺን ልጨርስ» አልኳቸው፤ ጨረስኳት። ተማሪዎቼ ፊት ጠመኔ ከእጄ ቢወድቅ ዕድሜ ልኬን የሚወራብኝ እሱ ስለሚሆን፣ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀምጬ እጄን አራግፌ ወጣሁ። ጥፋቴን አውቀዋለሁ። በስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ የትምህርት ቤቱ ግማሽ የታጣቂ ማደሪያ መሆኑ ይብቃ፣ ልጆቹ አንድ ወንበር ላይ ለአራት ተጣበው መማር የለባቸውም ብዬ ነበር። ዛሬም ቢጠይቁኝ እደግመዋለሁ።

«አንዴ» ያሉት ነገር ወራት ፈጀ።

ያስገቡኝ ገንዳ ውሃ ከተማ ዳር ያለ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነው። ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ ነው። ሰሊጡ ወጥቶ አቧራው ቀርቷል፤ ሰው ጎኑን ባዞረ ቁጥር አቧራው ከወለሉ ይነሣና ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። መስኮት የሚባል ነገር የለውም። የብረቱ በር ግን ከታች አንድ ስንዝር የምትሆን ክፍተት አለችው፤ አየር የሚገባው በሷ ነው። አፍንጫውን ወደዚያች ክፍተት አድርጎ የተጋደመ ሰው ይተነፍሳል። የቀረነው የተነፈሱትን እንተነፍሳለን።

የበሩን ሥር «ደጋ» እንለዋለን፣ ሌሊት የምንሸናበት ባልዲ ያለበትን የመጨረሻውን ጥግ ደግሞ «ቆላ»። አዲስ የገባ ሰው ከቆላ ይጀምራል። ከፊቱ ያለው ሲፈታ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ሲወሰድ አንድ ቦታ ከፍ ይላል። ማንም ጽፎ የሰጠን ሕግ አይደለም፤ ማንም ግን አያፈርሰውም። እዚያ ውስጥ የራሳችን የምንለው ነገር ወረፋችን ብቻ ነበር።

ከሁላችን ቀድሞ የገባው ከአብደራፊ በኩል የመጣ የትራክተር ሾፌር ነው። ስለዚህ ደጋ የሱ ናት፣ የክፍሉም ኃላፊ እሱ ነው። ከሱ ቀጥሎ አንድ የጎጃም ልጅ አለ፤ ለሰሊጥ አጨዳ ሲመጣ ከአውቶቡስ ላይ አውርደው በጥርጣሬ ያዙት። ጉረኛ ነው። «እኔ ማጭድ ስይዝ ሰሊጡ ራሱ ይጎነበስልኛል» ይላል። ከሁመራ እስከ ቋራ እሱን የሚቀድም አጫጅ እንደሌለ በቀን ሁለቴ ካልነገረን ውሃ አይጠጣም። ጉራው ግን አያስጠላም፤ እጁን ያየ ሰው እውነት እንደሆነ ያውቃል። ሌሎቹም ከእርሻና ከመንገድ የተለቀሙ ናቸው። ሰሊጥ ያልነካ እጅ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል መተኛትም ማውራትም ያቅታል። ዝም ሲባል ደግሞ ሁሉም ቤቱን ያስባል፤ ቤቱን ያሰበ ሰው በትንሽ ነገር ይጣላል። ስለዚህ ጥያቄ ማቅረብ ጀመርኩ። ሙያዬ ነው፤ መጽሐፉን ቢወስዱብኝ ጥያቄውን ከራሴ ማን ያወጣዋል?

መጀመሪያ የነብሩን፣ የፍየሉንና የቅጠሉን አመጣሁ። ሰውየው ሦስቱን ይዞ ወንዝ ይሻገራል፤ ጀልባዋ ከሱ ጋር አንዱን ብቻ ትችላለች፤ ነብሩ ፍየሉን፣ ፍየሉም ቅጠሉን እንዳይበላ እንዴት ያድርግ? ጎጃሜው ሳቀብኝ። «መምህር፣ ነብሩን መጀመሪያ ማን ይዞት ነው?»

በማግሥቱ የመኪና አመጣሁ። አንድ አይሱዙ ከጎንደር ይነሣል፣ አንድ አይሱዙ ከመተማ ዮሐንስ ይነሣል፤ ፍጥነታቸው ይኸ፣ መንገዱ ይኸን ያህል፤ መቼ ይገናኛሉ?

«ኬላዎቹን አልነገርከንም» አለ ሾፌሩ።

«ኬላ የለም እንበል።»

«ኬላ ከሌለ መንገዱ የኛ አይደለም ቲቸር። ጥያቄህን ለባለቤቶቹ ስጣቸው።»

እንዲህ ናቸው። ተማሪዎቼ ቢሆኑ ዝም ብለው ያባዙና ያካፍሉ ነበር። እነዚህ ግን መልስ ከመፈለጋቸው በፊት ጥያቄውን ራሱን ያዋክቡታል። ልቤን የሚያሞቀውም ይኸው ነበር። እየተከራከርን ፀሐይዋ ታዘቀዝቅልናለች።

አንድ ሽማግሌ የገቡት በዚህ መሐል ነው። እርሻቸው መንገድ ዳር ነው፤ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ከሳቸው ጋን ውሃ ይጠጣል። ማንን ነው ያጠጡት ተብለው ተያዙ። «የጠማውን» ብለው መለሱ አሉ፤ ይኸው መልሳቸው ከኛ ጋር አገናኛቸው። ወረፋው ቆላ ነውና ባልዲው አጠገብ ተቀመጡ። አስም አለባቸው። ያ አቧራ ደረታቸው ውስጥ ሲገባ የሚሰማው ፉጨት በሩ ድረስ ይደርሳል። መድኃኒታቸውን ሲይዟቸው ቤት ጥለው መጥተዋል። ለጠባቂው ብንነግረው «ነገ ይታያል» አለን። ነገም ሆነ፤ እንደዚያው አለን።

ሾፌሩ ከደጋ ተነሥቶ፣ «አባቴ፣ ይምጡ፣ እዚህ ይሁኑ» አላቸው።

«ወረፋዬ ነው?» አሉ።

«አይደለም፤ ግን አሞዎታል።»

«እዚህ ውስጥ ያላመመው ማነው?» ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ጠበቅናቸው። «እኔ ባገሬ የውሃ ወረፋ ዳኛ ነኝ። ወረፋ አፈረሰ ብዬ ስንቱን ቀጥቻለሁ። ዛሬ እኔው ላፍርሰው?»

ለመንናቸው። ጎጃሜው እግራቸው ላይ ወደቀ። አሻፈረኝ አሉ። የሰው ኩራት አይገባኝም አልልም፤ እኔም ኩሩ ነኝ፤ ግን ተናደድኩባቸው። ከንፈራቸው እየጠቆረ መጥቷል። እንደዚያ ሆነው ሳምንቱን አይዘልቁም።

ሽንት ቤት ሲያወጡን ለሾፌሩ አንድ ሐሳብ ነገርኩት፤ እሱም ወዲያው ያዘው። ስንመለስ የክፍሉ ኃላፊ ሆኖ ተናገረ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ደጋ የምትሰጠው በወረፋ አይደለም። በየቀኑ የመምህሩን ጥያቄ ቀድሞ የመለሰ ይወስዳታል። የሚቃወም አለ?» የሚቃወም አልተገኘም። ሽማግሌው ዙሪያውን ቃኝተው፣ «ሕጉ ለሁሉም ከሆነ ደግ ነው» አሉ።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ቀላል ጥያቄ አቀርባለሁ፣ እሳቸው ይመልሳሉ፣ ነገሩ ያልቃል። «አንድ አባት አምስት ሴቶች ልጆች አሉት። እያንዳንዷ አንድ ወንድም አላት። የሰውየው ልጆች ስንት ናቸው?» አልኩ። ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳል ቀደማቸው።

«ስድስት!» አለ ጎጃሜው። «ወንድማቸው አንድ ነዋ፤ ለሁሉም አንድ ነው።»

ሾፌሩ ትክ ብሎ አየው። ልጁ ምን እንዳደረገ የገባው ያኔ ነው። ፊቱ ተለዋወጠ። «አንቱ ይሂዱልኝ አባቴ፤ እኔ አልፈልገውም» አለ።

«ያሸነፍከው ነው ልጄ። ሂድና ተኛበት።»

ሄደ። ደጋ ላይ ተጋድሞ ጀርባውን ለክፍተቷ ሰጥቶ ዋለ። ከዚያች አየር አንዲት ትንፋሽ አልወሰደም። ከዚያ በኋላ የጥያቄው ዓላማ ምን እንደሆነ ለሁሉም ግልጽ ሆነ፤ ለሽማግሌው እንጂ ለሌላ ሰው መንገር አላስፈለገም። ለሳቸው ደግሞ መንገር አይቻልም። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሹክ ያሉት ሁሉ ከጆሯቸው ይደርሳል።

በማግሥቱ ብሰዋል። ግድግዳውን ተደግፈው፣ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ሲል ብቻ ነው በሕይወት መኖራቸው የሚታወቀው። ምን ልጠይቅ? በደከመ አእምሮ ሊመለስ የሚችል፣ እሳቸው ግን በእንቅልፋቸውም የማይስቱት ነገር መሆን አለበት። እኔ የቆላ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ አገኘሁት አልኩ። በራሴም ተደሰትኩ።

«ሰሊጡ ለአጨዳ ደርሷል» አልኩ። «ሃያ ሰው ቢሰማራበት በስድስት ቀን አጭዶ ይጨርሰዋል። ዘንድሮ ግን መንገድ ተዘግቶ አምስት ሰው ብቻ ተገኘ። አምስቱ በስንት ቀን ይጨርሱታል?»

ከአፌ እንደወጣ ሞኝነቴ ታየኝ። እሳቸው እንደሚያውቁት ብቻ ነበር ያሰብኩት። እዚያ ክፍል ውስጥ ይህን የማያውቅ ማነው? አንድ ትንሽ ልጅ እንኳ ደርሶ የቆመ ሰሊጥ ሰው እንደማይጠብቅ፣ ፍሬው ተከፍቶ እንደሚረግፍ ያውቃል። ይልቁንም ጎጃሜው፣ በዚህ እንጀራውን የሚበላው። ራሱን ቀና ሲያደርግ አየሁት።

«ሃያ አራት ቀን» አለ።

ጆሮዬን አላመንኩትም።

«ሃያ አራት ነው እንጂ» አለ ሾፌሩ። «ምን ያጠያይቃል?»

«እኔም ሃያ አራት ነው ያገኘሁት» አለ ከወዲያ ጥግ ሌላው። «ሃያ አራት» አለ ቀጣዩ። የአይሱዙ ጥያቄ ሳቀርብ ኬላ የጠየቁኝ ሰዎች፣ ነብሩን ማን ያዘው ያሉኝ ሰዎች፣ አንዳቸውም ጥያቄውን አልነኩትም። ተራ በተራ፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ተሳሳቱ። እንባዬ መጣ፤ ላብ አስመስዬ ጠረግሁት።

«መልሱ እሱ አይደለም» አልኩ። «ሌላ የሚሞክር አለ?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። አንድ ቃል ይሉና ያርፋሉ፣ አንድ ቃል ይሉና ያርፋሉ። «ሃያ አራተኛው ቀን… አይደርስም። ሰሊጥ ቢታገሥ… ሳምንት፣ አሥር ቀን ነው። ከዚያ ይከፈታል። አምስቱ ሰዎች… ግማሹን ሳያጋምሱ የቀረው መሬት ላይ ነው። ወፍና ጉንዳን ይጨርሰዋል።»

«ልክ ነው» አልኩ።

ወደ ጎጃሜው ዞሩ። «አንተ… አጫጅ ነኝ አላልከንም?»

ልጁ ጉልበቱን አቅፎ መሬት መሬት ያያል። «ረሳሁት አባቴ» አለ። «ሙቀቱ ራሴን አዞረው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሾፌሩ፣ «ከሁመራ እስከ ቋራ አንደኛ ነኝ ያለን ይኸ ነው?» አለ። ሌላውም፣ «ማጭድ ይይዛል እንጂ ቀን አይቆጥርማ» ብሎ ጨመረበት። ስሙን የሠራበትን ነገር እያነሡ ይሥቁበታል። እሱ ግን ፌዛቸውን ጨክኖ ዋጠው።

ሽማግሌው ተነሡ። ማንም አልደገፋቸውም፤ መደገፍ እንደማይወዱ አውቀናል፤ እግራችንን ሰብሰብ አድርገን መንገድ ከፈትንላቸው። ደጋ ደርሰው ተጋደሙ፣ አፍንጫቸውን ከክፍተቷ አደረጉ። ሳቁም ወሬውም ቆሞ ሁላችንም ትንፋሻቸውን እናዳምጣለን። ፉጨቱ ወዲያው አልተወም። እየቆየ እየቆየ ግን ቀነሰ፤ ራት ሲመጣ እጃቸውን ዘርግተው ቆረሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጠየቅሁትን ሁሉ የሚመልስ ጠፋ። ሁለትና ሁለት ስንት ነው ብላቸው ይጨቃጨቃሉ። እንደዚያ የደነቆረ ክፍል አስተምሬ አላውቅም፤ እንደዚያም በተማሪ ኮርቼ አላውቅም። ሽማግሌው ደጋ ላይ እንዳሉ መልሱን አንድ በአንድ እየነገሩን፣ «አይ የዛሬ ልጆች» ይሉናል።

የሚፈቱበት ቀን ደረሰ። ጠባቂው በሩን ከፍቶ በስማቸው ጠራቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ሁላችንንም በየተራ ስመው በሩ ላይ ቆሙ። «ይውጡ እንጂ» አለ ጠባቂው። «ቆይ» አሉት፤ ቆየላቸው። ጣታቸውን ወደ ጎጃሜው ዘረጉ።

«ይኸ ልጅ ሰሊጥ ያውቃል» አሉ። «የዚያን ቀን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ሁላችሁም ሳታውቁ ቀርታችሁ አይደለም። ሁሉ ሰው ለኔ ሲል ሞኝ ሲሆን፣ እኔ ብቻዬን ብልህ ሆኜ ልሙት? ዝም ብዬ ተቀበልኳችሁ። የሱ ግን ስሙ ነው፤ እንጀራው ነው። በኔ ምክንያት እንዳይጠፋ። ዳኛ ነኝ፤ ምስክር ሁኑ።»

«ምስክር ነን» አለ ሾፌሩ።

ሲይዙትም ሲመቱትም አላለቀሰም የተባለው ልጅ ፊቱን በፎጣው ሸፈነ። ጠባቂው አንድ ያልገባው ነገር እንዳለ ገብቶት፣ ሽማግሌውን፣ ከዚያም ልጁን አየና በሩን ሳይወረውረው በቀስታ ዘጋው።

እኔም ተፈትቼ ወደዚያው ትምህርት ቤት ተመለስኩ። የተናገርኩትን አልሰማ ያለ አለ፣ የሰማም አለ፤ ልጆቹ አሁን አንድ ወንበር ላይ ለሁለት ይቀመጣሉ። ሰሞኑን ጥያቄ ሰጥቼ ሳለ አንዲት ጎበዝ ተማሪ እጇን አውጥታ፣ አጠገቧ ያለችው ጓደኛዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ስታነሣ አይታ መልሳ አወረደችው። «አንቺ ታውቂዋለሽ?» አልኳት። «አላውቀውም ቲቸር» አለች። እሺ አልኳትና ጓደኛዋን ጠራሁ።