በክርስትና ስሜ የጠራኝ ሰው

የክርስትና ስሜን እዚህ አልጽፈውም። በዚያ ስም የሚጠሩኝ አባቴ ብቻ ነበሩ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጣና ዳር ካለ አንድ ደብር ሲያገለግሉ ኖረው፣ አሁን ሰባታሚት ከእኔ ጋር ይኖራሉ።

ግሽ አባይ ሰፈር ባለው ቢሯችን ስለ ስልክ ሌቦች የምለፈልፈው እኔ ነበርሁ። «በመልእክት የሚመጣ ቁጥር ለማንም እንዳትሰጡ፣ ለእናታችሁም ቢሆን!» እያልሁ። የብዙዎቹን ስልክ ተቀብዬ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ያስገባሁላቸው እኔ ነኝ። የራሴን ግን ዛሬ ነገ ስል ተውሁት።

ባለፈው ዓመት ፋሲካ እንዳለፈ በስልኬ አንድ የጸሎት ግሩፕ ውስጥ ገባሁ። ስማችሁን ላኩ፣ በገዳሙ ቅዳሴ ትታሰባላችሁ ይላል። ለጸሎት የሚሰጠው ደግሞ የክርስትና ስም ነው። የራሴንም የአባቴንም ጻፍሁ፤ «አባቴን ጉልበታቸውን ያማቸዋል» የሚልም ጨመርሁበት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቢሮ ሳለሁ አንድ ሰው ደወለ። ድምፁ ለስለስ ያለ፣ እንደ ካህን ረጋ ያለ ነው። ገና ሰላምታ ሳይጨርስ በክርስትና ስሜ ጠራኝ። ከወንበሬ ተነሥቼ ቆሜ ነው ያናገርሁት።

«አባትሽን በቅዳሴ እናስባቸዋለን። ለመመዝገቢያ አሁን በስልክሽ ቁጥር ይደርስሻል፤ እሱን ንገሪኝ» አለኝ።

ቁጥሩ መጣ። ከሥሩ «ለማንም አይስጡ» ይላል። ይህንም እያነበብሁ ቁጥሩን ነገርሁት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባ» ብዬም አመሰገንሁት።

ከሰዓት በኋላ የመልእክት መላላኪያ አካውንቴ አልከፈት አለኝ። የሆነው ወዲያው ገባኝ። ለዘመድ ሁሉ ደውዬ፣ በስሜ የሚመጣ መልእክት እንዳታምኑ ማለት ነበረብኝ። ግን ያ ሁሉ ምክሬ ትዝ አለኝና አፈርሁ። የኔትወርክ ችግር ነው እያልሁ ራሴን ዋሸሁ። ቤት ገብቼም ለአባቴ ትንፍሽ አላልሁም።

በማግስቱ ጠዋት የአባቴ ታናሽ እህት ዶሮ አንጠልጥላ ከይፋግ መጣች። አባቴ አጥሩ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ዳዊት ይደግማሉ። ገና ከባጃጁ እንደ ወረደች አየቻቸውና እልልታዋን አቀለጠችው።

«ተመስገን! ልኬው ባይደርስ እያልሁ በጭንቅ አድሬ! ዳኑልኝ ጋሼ!»

አባቴ ግራ ገባቸው። «ከምኑ ነው የዳንሁት?» አሉ።

ሌባው በእኔ ስም፣ አባቴ በድንገት ታመው ሆስፒታል ተኝተዋልና ድረሱልን ብሎ ለዘመድ ሁሉ ጽፎ ኖሯል። አክስቴ የሩዝ ሽያጯን አንድም ሳታስቀር ልካለች። እልልታዋ ገና ጆሮዬ ውስጥ እያለ እውነቱን የምነግራት እኔ ሆንሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ነገርኋት። ዶሮዋን አስቀመጠች። «ዋናው ጤና ነው» አለች፤ ፊቷን ግን ወደ እኔ አላዞረችም።

«በምን ቢያግባባሽ ነው?» ሲሉ አባቴ ጠየቁኝ።

«በክርስትና ስሜ ጠራኝ አባባ። ለጸሎት ብዬ ጽፌው ነበር።»

ዳዊታቸውን አጠፉ። «እንግዲህ ለጸሎት ነው የሰጠሽው» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የአክስቴን ገንዘብ ቀስ በቀስ መለስሁ። አካውንቴም አሁን ሁለተኛ የይለፍ ቃል አለው። ቢሮ ውስጥ ምክር መስጠት ትቻለሁ፤ የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ግን ገና ስልኩን ሳላነሣ ደሜ ይፈላል።

ባለፈው ሳምንት እንዲህ ያለ ቁጥር ደወለ። ድምፁ ይቆራረጣል፤ በቅጡ የሰማሁት የክርስትና ስሜን ብቻ ነው።

«ማነህ? ይህን ስም ከየት አመጣኸው? ሌባ!» ብዬ ጮኽሁበት። ቢሮው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

 የስልኩ ድምፅ ድንገት ጥርት አለ።

«እኔ ነኝ ልጄ። ስልኬ ቢዘጋብኝ በጎረቤት ስልክ ነው የደወልሁ።»

አባቴ ነበሩ።  እሳቸውም ሰው ሁሉ በሚጠራኝ ስም ጠርተው፣ ስመለስ ዳቦ እንድገዛ ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ በሌላው ስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።