የበርበሬ በረንዳ ሳል

በርበሬ በረንዳ ማሳል ወሬ አይደለም። ዛላው ሲራገፍ፣ ወፍጮው ሲነሳ፣ ገዢው እጁን ማዳበሪያው ውስጥ ሲከት መንደሩ ሁሉ ያስነጥሳል፣ ያስላል፣ እንባውን ይጠርጋል። ሌላ ቦታ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» ይባላል። እኛ ዘንድ ለእያንዳንዱ «ይማርህ» እንበል ካልን ሱቅ መክፈት አያስፈልገንም። እዚህ ያሳለ ሰው ምንም አልተናገረም ማለት ነው።

እኔ ቀን ቀን ወላጆቼ ሱቅ በርበሬ እየመዘንኩ፣ ማታ ማታ ኤክስቴንሽን እማራለሁ። ትምህርቱ «የሰው ልጅ ተግባቦት ንድፈ ሐሳቦች መግቢያ» ይባላል፤ ስሙን ተናግሮ ለመጨረስ ራሱ ትንፋሽ ይጠይቃል። አባቴ ስለ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ሰው ከሰው እንዴት እንደሚነጋገር» አልኩት። «ወይ ጉድ! ይሄንንም ያስተምራሉ?» ብሎ በሳቅ ሞተ። የሚስቀው ከሚስቱ ጋር ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ተዘጋግቶ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ሁለት ሳጥን ሣለ፤ አንዱ ተናጋሪ፣ አንዱ ሰሚ። በመሃል ቀስት አሰመረና «መልእክቱ በዚህ ይሄዳል» አለ። ቀስቷ ላይ ነጠብጣብ በታትኖ «ይሄ ደግሞ ረብሻ ነው፤ መልእክቱን የሚያውክ ነገር ሁሉ» አለን። እንዴ! ይሄማ የኛ ሱቅ ነው። ሁለቱ ሳጥኖች እናትና አባቴ ናቸው። ቀስቷ እኔ ነኝ።

የጸባቸው መነሻ ቅመም ነው። አንዲት ገዢ በርበሬያችንን በጣቷ ቀምሳ «የማን እጅ ነው?» ብላ ጠየቀች። አባቴ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ደረቱን ነፍቶ «የእናቴ ሙያ ነው» አላት። እናቴ ከጀርባው ኮረሪማ እየፈለፈለች ነበር። ቅመሙን መጥና የምታዘጋጀው እሷ ናት፤ አያቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በርበሬን የምታውቀው በመብላት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱ «ሰውዬው» ሆነ፣ እሷ «ሴትዮዋ»። እጅ ለእጅ በሚያነካካ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው «ለሰውዬው ምሳ ቀርቧል በይው» ትለኛለች። «ለሴትዮዋ ጨው አንሶታል በያት» ይለኛል። እኔ እደግማለሁ፤ ምስጋና እንኳ የለውም። እኔ ከሌለሁ ገዢው ይተካኛል። በርበሬ ሊገዛ የመጣ ሰው ሳያስበው የባልና ሚስት መልእክተኛ ሆኖ ይወጣል። ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ የሚነግዱ አንድ ጋሼ ሊያስታርቁ መጥተው «ኧረ ተዉ ልጆቼ» ቢሏቸው፣ ሁለቱም ባንድ አፍ «ማን ተጣላና!» ብለው ሸኟቸው። በዚህ በዚህስ ይስማማሉ።

አንዱ ንድፈ ሐሳብ፣ ወሬ መጀመሪያ ለተሰሚ ሰዎች ይደርስና ከነሱ ወደ ሌላው ሕዝብ ያልፋል ይላል። ይሄን ያሰበ ሰው እህል በረንዳን አላየም፤ እዚያ የጤፍ ዋጋ መናሩን ከባለሱቁ ቀድሞ የሚያውቀው ተሸካሚው ነው። ሌላ ማታ ደግሞ አስተማሪው «ዝምታም መልእክት ነው» ብሎ ፈላስፋ ሆነብን። ይህንን ለመስማት ታክሲ ተጋፍቼ መምጣቴ ቆጨኝ። የአባቴን ዝምታ እኔ በዓይነት በዓይነቱ ልዘረዝርለት እችላለሁ፤ ሻይ ያማረው ዝምታና ያኮረፈ ዝምታ በጭራሽ አይገናኙም። እናቴማ ታረቂ በተባለች ቁጥር «ዝም አይነቅዝም» ትላለች።

እንዲህ እየቀለድኩ ሳለ ነው የእናቴ ሳል የመጣው። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም፤ በርበሬ በረንዳ ማን ሳልን ልብ ይላል? ኋላ ግን በርበሬ እየነፋች መሃል ላይ ጎኗን ይዛ ቁጭ ማለት ጀመረች። ቀሚሷ ሰፋት። «እማዬ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» ስላት «የበርበሬው ነው» ትላለች። ይህን እንዴት ብዬ ልከራከር? በርበሬው እዚያው አጠገቧ ተቆልሏል። ስጨቀጭቃት «ሐኪም ቤት የሚሄድ ነው የሚታመመው» አለችኝ። ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ በጣም ፈራሁ። በሕይወቷ የአንድ ሰው ቃል ብቻ ነው የምትሰማው፤ እሱን ደግሞ ዘግታዋለች።

ስለዚህ ትምህርቴን ልጠቀምበት ወሰንኩ። ሰዎች የሚሰማቸውን «እኔ» ብለው በግልጽ ቢናገሩ ይግባባሉ ተብለናል። ሁለቱንም ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸውና «እማዬ፣ ‹እኔ የሚሰማኝ› ብለሽ ጀምሪ» አልኳት።

«እኔ የሚሰማኝ» አለች እናቴ ከላይ እስከ ታች እያየችኝ፣ «ይቺ ልጅ ጠበል መግባት እንዳለባት ነው።»

አባቴ ሳቁን መያዝ አቅቶት «ለሴትዮዋ እውነቷን ነው በያት» አለኝ። ከፋሲካ ወዲህ አብረው የሳቁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያውም በእኔ። ከዚያ እሷን ሳል ያዛት፣ እሱ መሬት መሬት አየ፣ ስብሰባውም ተበተነ።

ጥቅምት ላይ አዲስ ዛላ ገባ። ቅዳሜ ነው፤ መኪናው እየተራገፈ፣ ተሸካሚው «ዞር በል!» እያለ፣ በረንዳው በሙሉ በሳል እየተናጠ ነው። አባቴ በር ላይ ቆሞ ከአንዲት የወሎ ሴት ጋር ዋጋ ይከራከራል፤ ምግብ ቤት ያላት ደንበኛችን ናት። እናቴ ጓዳ፣ ከማዳበሪያው ጀርባ ነበረች። እኔ የሰማሁት ሁልጊዜ የምሰማውን የሰፈር ሳል ነው። አባቴ ግን የጀመረውን ዋጋ ሳይጨርስ መስፈሪያውን ጥሎ ዞረ።

«እህቴ» አላት፣ ድምፁ ተለውጦ፣ «ጓዳ ላለችው ሴትዮ ንገሪልኝ። ያ ሳል የበርበሬ አይደለም በያት።»

ሴትየዋ ግራ ገብቷት እኔን አየች። «ንገሪያት» አልኳት። ገባች።

«እትዬ፣ ሳልዎ የበርበሬ አይደለም ይላሉ ጋሼ።»

እናቴ እየተቆራረጠች መለሰች፦ «ለሰውዬው… ሳሌም… የእናቱ ሙያ ነው በይልኝ።»

አባቴ ዝም አለ። ይሄኛውን ዝምታ አላውቀውም ነበር። ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ ሚዛኑን አቁሞ እየሰማው ጮኸ፦ «ቅመሙ የሷ ነው በያት! እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሽሮ እንኳ አይሳካላትም ነበር በያት! አሁን ግን ትነሳ!»

«እትዬ፣ ቅመሙ የርስዎ ነው ይላሉ። የእናታቸውን ነገር እኔ አልደግመውም፤ ሙት ማማት ወላሂ ወንጀል ነው። አብሽሩ፣ ይነሱ።»

እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። «ለሰውዬው ሱቁን ይዝጋ በይው» አለችኝ። ሰውዬው ቀድሞ እየዘጋ ነበር።

ሳንባዋ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ትንሽ ብትቆይ ምን እንደሚመጣ ሐኪሙ ነግሮናል፤ እኔ አልደግመውም። ታክማ ድናለች፤ አሁን እየሰደበችኝ ነው። ከልቤ ያልወጣው ግን ምርመራው ሳይጀመር የሆነው ነው።

«ሳሉ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ሐኪሙ።

«ኧረ ትንሽ ቀን ነው» አለች እናቴ።

«ከፍልሰታ ጾም መግቢያ ጀምሮ ነው» አለ አባቴ፣ ሐኪሙን ብቻ እያየ። «መጀመሪያ ማታ ማታ ነበር። ከመስቀል ወዲህ ሲነጋጋም ይመጣል። እንዳልሰማት ትራሱን አፏ ላይ ታደርጋለች። በግራ ጎኗ መተኛትም ትታለች።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ ልማድ ነዋ። «ይሰማኝ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

አፌን ልከፍት ስል ተውኩት። ቀስት መሆን በቃኝ። ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ። ሲጨንቃት ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች።

«ትሰማኝ ነበር?»

«ምን ላድርግ» አላት አባቴ፣ «ሌላ የምትነግሪኝ ነገር አልነበረማ።»