አያቴን ማን ይወስዳል?

የሆነው ባለፈው ኅዳር፣ ኮሌጅ ከገባሁ ብዙም ሳይቆይ ነው። አሁንም እሑድ ቀን በራችን ሲንኳኳ ትዝ ይለኛል።

እናቴና አባቴ ሳይካሰሱ ለመፋታት ተስማምተው ነበር። ሁለቱም የየራሳቸውን ጠበቃ ይዘው ካፒቶል ሂል የሚባለው ሰፈር አንድ ቢሮ ውስጥ ይነጋገራሉ። የሚያስፈራው ደንቡ ነው። ሳይስማሙ ቀርተው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከሄደ፣ ሁለቱም ጠበቆች ይሰናበቱና ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል።

ሾርላይን ያለው ቤታችን ለእናቴ እንዲሆን በሰላም ጨረሱ። የቀረው የአያቴ ጉዳይ ነበር። አያቴ የአባቴ እናት ናቸው፤ ታመው ከአገር ቤት ከመጡ ጀምሮ ያስታመመቻቸው ግን እናቴ ናት። አባቴ «የወለደችኝን እናቴን ጥዬ ከወጣሁ ሰው ምን ይለኛል» አለ። እናቴ ደግሞ እሱ ሶዶ የሚባለው ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሌሊት ሲሠራ ሲያድር ማን ያያቸዋል ብላ እምቢ አለች።

እኔ ኮሪደሩ ላይ የኬሚስትሪ መጽሐፌን ከፍቼ እጠብቃለሁ። በመስታወቱ በር አባቴ ጃኬቱን ሲያነሳ አየሁት። ትቶ ሊወጣ ነው፣ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ሊጀመር ነው ብዬ ተነሳሁ።

ወዲያው የእናቴ ጠበቃ ወጥታ ጠራችኝ። አያቴን ራሳቸውን ከማን ጋር መኖር እንደሚፈልጉ የጠየቃቸው ሰው እንዳለ ልታውቅ ፈልጋለች። ማንም አልጠየቃቸውም። ይደነግጣሉ ብለን ፍቺውንም ደብቀናቸዋል። ስገባ የቤታችን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አባቴ ሊመልስ አውጥቶታል። እናቴም አባቴም ለአያቴ ለመደወል አልደፈሩም። ሁለቱም እኔን አዩኝ።

ኮል አደረግሁና ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግሁት። እንዴት እንደነገርኳቸው አላስታውስም፤ አባቴ ቁልፉን ሊመልስ መሆኑን ሳይቀር ነገርኳቸው። ጨርሼ ዝም ስል እሳቸውም ዝም አሉ። የሆነ ነገር የሆኑ መሰለኝ።

«እማማ፣ አሉ?»

«አለሁ። አባትሽ ሶፋ ላይ መተኛት ከጀመረ ወዲህ አውቃለሁ» አሉ። «ምነው፣ እኔንም እንደ ሶፋው ልትካፈሉኝ ነው?»

አባቴ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ጠበቆቹ ምን አሉ ብለው ቢጠብቁም መተርጎም አቃተኝ።

አያቴ ቀጠሉ። «እኔ ከዚህ አልነሳም። እሱ እየመጣ ይየኝ።» ከዚያ እናቴን በስሟ ጠሩና፣ «ልጄ፣ ቁልፉን እንዳትቀበይው» አሏት።

እናቴ ቁልፉን ቀስ ብላ ወደ አባቴ ገፋችው። አባቴም ጃኬቱን አስቀምጦ ተቀመጠ።

አሁን እሑድ እሑድ ይመጣል። ቁልፉ እያለው መጀመሪያ ያንኳኳል። በራሱ ቁልፍ እንዲገባ ብዬ እኔ ሆን ብዬ አልከፍትለትም። ቁልፉን ሲያዞር እስክሰማ ድረስ ግን ዛሬም ልቤ አያርፍም።